ገዳዩ «እሳቸው» ናቸው

የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ገዳዩ ዶክተሩ ነው» የሚል ተጽፏል። ጥቅምት 12። ሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ዶክተሩ ግን እንኳን ሰው ሊገድል ዝንብም አልነካ፤ ጭራሽ መጽሐፉ ሲያልቅ የሟችን ልጅ አገባ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ቆይቼ ነው የደረስኩበት፤ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ስንገናኝ ሁላችንም ምን እያነበብን፣ ምን እየተማርን እንደሆነ እንድንጽፍ ተባብለን ነበር። እናንተ ታሪክና ፍልስፍና ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እኔ የያዝኩት የፍቅርና የወንጀል ልብ ወለድ ነው። አላፍርበትም።

የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። የማታ ተረኛ ስሆን ከሦስት ሰዓት በኋላ ደንበኛ ይሳሳል፣ የባጃጁ ድምፅ ይቀንሳል፣ ከጣና በኩል ነፋስ ሲነሳ የመንገዱ ዘንባባ ይንሿሿል። ለዓመታት ልብ ወለድ የማነበው እንቅልፍ ለማባረር ነበር። ጨርሼ ስከድነው ትዝ የሚለኝ ሽፋኑ ብቻ! አንድ ጊዜማ ያነበብኩትን መጽሐፍ ሽፋኑ ተቀይሮ ስላየሁት እንደገና ገዝቼ፣ የነቃሁት ግማሹ ላይ ስደርስ ነው። ብሩ አንገበገበኝ። በዚያው ሳምንት ደብተር ገዛሁ።

ያወጣሁት ሕግ ቀላል ነው። የወንጀል ታሪክ ከሆነ ሲሶው ላይ ቆም ብዬ የምጠረጥረውን ሰውና ምክንያቴን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መሰረዝ የለም። የፍቅር ከሆነ ደግሞ «አሁን ገና ተዋደዱ» ብዬ ያመንኩበትን ገጽ ቁጥር እይዛለሁ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት 19 መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ 11 የወንጀል፣ 8 የፍቅር። ከ11ዱ ገዳዩን ያወቅሁት 4 ጊዜ ነው። ከ4ቱም አንዱ የእማዬ ነው።

ወደ ዶክተሩ ልመለስ። መጽሐፉ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው፤ ግድያው የተፈጸመው ማታ ነው። ምዕራፍ ሦስት ላይ ዶክተሩ «ከቤቱ የወጣሁት ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ይላል። ምዕራፍ ሰባት ላይ የቤት ሠራተኛዋ «ዶክተሩ ሲወጣ ልክ ስምንት ሰዓት ነበር» ትላለች። የስድስት ሰዓት ልዩነት! ይህን የመሰለ ቅጥፈት አግኝቼ ሌላ ማንን ልጠርጥር? ሁለት ሌሊት ሙሉ ስብሰለሰል አድሬ ነው የገባኝ። የፈረንጅ ስምንት ሰዓት የእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ተርጓሚው አንዱን ወደኛ ቀይሮ ሌላውን እንዳለ ትቶታል። ምስኪን ዶክተር።

የወንጀል ታሪክ ማገሩ ሰዓት ነው፤ ማን መቼ የት ነበር ከሚለው ሌላ ምን አለው? እኔ ደግሞ የሰዓት ነገር ሥራዬም ላይ አለ። «በየስምንት ሰዓቱ አንድ አንድ ፍሬ» ያልነው ሰው፣ ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ስምንት ሰዓት በሞላ ቁጥር አንዷን ሲውጥ መሰንበቱን ይነግረናል። ከዚያ ወዲህ የትርጉም መጽሐፍ ስይዝ፣ ሰዓት ባየሁ ቁጥር ዳር ላይ «ፈ» ወይም «ሐ» ብዬ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ፈረንጅ ወይም ሐበሻ። እናንተም ሞክሩት፤ ስንቱ እንደተምታታ ታያላችሁ።

ስለ መርዝ ብለቀቅ ስለማላቆም ላሳጥረው። ዘንድሮ ካነበብኳቸው የአማርኛ የወንጀል ልብ ወለዶች በሦስቱ ሟች ቡና ወይም ጠጅ ይጎነጫል፣ ከእጁ ይወድቃል፣ አለቀ። ሦስት ሰከንድ አይሞላም። የመርዙ ስም «ኃይለኛ መርዝ» ነው። በአንደኛው የአይጥ መርዝ ነው ተባለ። ከአይጥ መርዝ አንዱ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ አይጧን ራሷን የሚጥላት ከቀናት በኋላ ነው። ደራሲው ይህን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምን የመሰለ ታሪክ ይወጣው ነበር! ሰኞ የተበላ ነገር ሐሙስ ሰው ሲጥል፣ መንደሩ ሁሉ የሚያየው የሐሙሱን ቡና ያፈላችውን ልጅ ነው። አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ማደያ ክፍል ሠርታለች፤ መርዟ የማይሸወደው ለዚህ ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የወንጀል ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ በ1929 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነት ድርሰት 10 ሕጎች አውጥቶ ነበር። አንዱ ማንም የማያውቀው መርዝ መጠቀምን ይከለክላል፤ ሌላው አንባቢው ሳይዘጋጅ መንታ ወንድም ዱብ ማድረግን። ሁለቱንም በአንድ መጽሐፍ የጣሰ ደራሲ ታኅሣሥ ላይ ገጥሞኛል። መጽሐፉን ያልወረወርኩት የሰው ስለሆነ ብቻ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ጥር ላይ ከገባኝ ነገር አጠገብ ምንም ነው።

አማርኛ ገዳይ አይደብቅም። «ገባ» ካላችሁ ወንድ ነው፤ «ገባች» ካላችሁ ሴት ናት፤ ግሱ ራሱ ያሳብቃል። ደራሲው ሳያስበው በአንዲት ፊደል ግማሹን ተጠርጣሪ ነጻ ይለቃል። ታዲያ የእኛ ደራሲዎች ገዳዩን በጨለማ ሲያስገቡት ምን እንደሚያደርጉ ማየት ጀመርኩ። ብዙዎቹ ሰውየውን ትተው እጁን ይልካሉ፤ «ጓንት ያጠለቀ እጅ መሳቢያውን ሳበ»። አንዳንዶቹ ግሱን ያስተኙታል፤ በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ጩኸት ተሰማ። እነዚህ ጨዋታውን በወጉ የሚጫወቱ ናቸው። ሦስተኞቹ ግን «ያ ሰው ገባ፣ ወጣ፣ ሸሸ» እያሉ 300 ገጽ ወስደውን በመጨረሻ ገዳይዋ የሟች ሚስት ትሆናለች። ይህ ለእኔ ማጭበርበር ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ሰው ሲባል ወንድም ሴትም ነው፤ ምን ታካብጃለሽ?» ብላ ተከራክራኛለች። አልተስማማሁም። አንድ ባለታሪክ ጨለማ ውስጥ አይቶ «ሰውየው ሸሸ» ቢል ተሳስቶ ነው እንላለን። ተራኪው ራሱ ካለ ግን ዋሽቶናል።

አራተኛው መንገድ ነው ያስደነገጠኝ። ጥር ላይ ያነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ ለመርማሪው ስትናገር «መጡ፣ ፖስታውን ሰጡኝ፣ ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ፣ ሄዱ» ትላለች። መርማሪው የሟችን አባት መከታተል ይጀምራል። እኔም ተከተልኩት፤ ደብተሬ ላይ «ሽማግሌው» ብዬ አሰፈርኩ። ለካ ፖስታውን ያመጡት አክስትየዋ ናቸው! ሠራተኛዋ ታላቋን ሴትዮ አንቱ እያለች ነው ያደገችው፤ ወግ አክብራ ተናገረች እንጂ አልዋሸችም። «መጡ» ሽማግሌም ነው፣ ባልቴትም ነው፣ ሦስት ጎረምሳም ይሆናል። ደራሲው አክብሮትን ጭምብል አድርጎ አለበሰው። ይህን ዘዴ ከሌላ ቋንቋ ሊገለብጠው አይችልም፤ ከቤታችን፣ ከምናድግበት ወግ ነው ያወጣው። ያን ሌሊት አንድ ደንበኛ «ፓራሲታሞል አለ?» ሲለኝ አልሰማሁትም።

የፍቅር መጽሐፎቹን ወደ ኋላ ተመልሼ ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። «ተዋደዱ» ብዬ የያዝኳቸውን ገጾች አንድ በአንድ ገለጥኩ። ከ8ቱ በ5ቱ ገጹ ላይ መሳሳምም የለ፣ «እወድሻለሁ»ም የለ። ያለው «እርስዎ» ወደ «አንቺ»፣ ወይም «አንተ» የዞረበት ቦታ ነው። አንደኛው ላይ ልጁ የመሥሪያ ቤት አለቃውን 140 ገጽ ሙሉ አንቱ ሲላት ቆይቶ፣ ዝናብ የያዛቸው ቀን «ይበርድሻል፣ ግቢ» ብሎ ያመልጠዋል። ወዲያው ደንግጦ «ይግቡ» ብሎ ያርመዋል። እሷ ግን የሰማችው የመጀመሪያውን ነው፤ እኔም የሰማሁት እሱኑ ነው።

በቅርብ የወጡት የፍቅር ልብ ወለዶች ላይ የምታዘበው ይህ ደጃፍ መጥፋቱን ነው። ጥንዶቹ የሚተዋወቁት በስልክ መልእክት ስለሆነ ከመጀመሪያዋ «ሰላም ነሽ» ጀምሮ አንተ አንቺ ናቸው። ምንም የሚሻገሩት ነገር ስለሌለ ደራሲው በሦስተኛው ምዕራፍ አልጋ ውስጥ ይጨምራቸዋል፤ በአራተኛው ለቪዛ ይለያያቸዋል፤ በመጨረሻው አየር ማረፊያ ያላቅሳቸዋል። ከ8ቱ አየር ማረፊያ ያለቁት 3 ናቸው። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። አንዲት ወጣት ደራሲ (የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው) በመልእክት የሚጻጻፉ ሁለት ሰዎችን ይዛ፣ ልጁ ለወራት ግጥምና ቁምነገር ሲጽፍላት አንዴም አላመንኩትም። አንድ ቀን ግን መብራት ጠፍቶ፣ ስልኩ ሊዘጋ 2 በመቶ ሲቀረው የላከላት «በላሽ?» የምትል ብቻ ናት። ገጽ 203። ዳር ላይ ትልቅ ክብ አድርጌባታለሁ።

በነገራችን ላይ ፍቅርና ምስጢር አንድ ቤት ሲኖሩ ዛሬ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው «ጦቢያ»፣ ወንድ መስላ የምትጓዝና መንታ ወንድሟን የምትፈልግ ልጅ ታሪክ ነው። የተሰወረ ማንነት፣ መንታ፣ ፍለጋ፣ ፍቅር። ኖክስ ሕጉን ሲጽፍ የእኛዎቹ መንታዎች ሃያ ዓመት ቀድመውታል። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ የዘጌ ልጅ ነው፤ ከዚህ ከሐይቁ ዳር ቆማችሁ በጠራ ቀን የምታዩት ያ ጥቁር ጫካ፣ ያው ዘጌ ነው። እስከ መጋቢት ድረስ አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄጄ ቡናውን ገዝቼ ተመልሻለሁ!

ስለ ሐይቁ ካነሳሁ አይቀር አንድ እሮሮ አለኝ። ጣና አሁን የምስጢር ልብ ወለድ መናኸሪያ ሆኗል፤ ገዳማቱ፣ ብራናው፣ ደሴቱ ለደራሲ ያጓጓል። ግን እባካችሁ ጀልባ ተሳፍራችሁ ጻፉ። አንዱ ገዳይ ሬሳውን «መቶ ሜትር ወደሚጠልቀው የሐይቁ ሆድ» ይወረውረዋል። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል እንጂ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሌላዋ ደራሲ ጀግናዋን በሌሊት ክብራን ገብርኤል አስገብታ ዕቃ ቤቱን ታስበረብራታለች፤ በማግስቱም መነኮሳቱ ቁርስ ያበሏታል! ክብራን ሴት አይገባም። እኔ ራሴ ወንድሞቼ ተሳልመው እስኪመለሱ ጀልባው ላይ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደራሲዋ ሳታውቀው ያመለጣት ታሪክ ነው። መርማሪዋ ሴት ሆና፣ ማስረጃው ሴት በማይረግጠው ደሴት ላይ ቢቀመጥ፣ የሰው ዓይንና የሰው ቃል አምና ጀልባው ላይ መጠበቅ ግድ ይላታል። የተላከው ሰው ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። ይህን የሚጽፍ ሰው ካለ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ።

የእማዬን ነገር ልጨርስ። ዓይኗ ስለደከመ አታነብም፤ መስማት ግን ትወዳለች። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርከው ሥራ ፈትቶ የሰማ ትውልድ ናት፤ የእኔ አነባበብ «እንደ መድኃኒት ማዘዣ» እንደሆነ ነግራኛለች። ከየካቲት ጀምሮ እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። የአልጋ ክፍል ሲመጣ እዘላለሁ፤ መዝለሌን ታውቃለች፤ አንነጋገርበትም።

እሷ ሰዓት አትቆጥርም፣ መርዝ አትመረምር። የምትሰማው ለቅሶውን ነው። የመጋቢቱ መጽሐፍ ላይ የሟች ጓደኛ ደረቷን እየመታች የምታለቅስበትን ክፍል ሳነብ «ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። «ይቺ ሴትዮ ይህን ሁሉ አልቅሳ የሟችን ስም አንዴ እንኳ አልጠራችም» አለች፤ ሲኒዋን አስቀምጣ። እኔ ከዚያ በፊት የወንድምየውን ስም ጽፌ ነበር። ሴትዮዋ ነበረች። ደብተሩ ላይ እንዲህ ብዬ አሰፈርኩ፦ «4ኛ። የእማዬ።»

አሁን የያዝኩት አዲስ ነው፤ ከአዟሪ በውድ ነው የገዛሁት፣ ተከራክሬም አልቀነሰልኝም። ጎንደር ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት፣ ውርስ፣ አራት ልጆች። ገጽ 118 ላይ ነኝ። ሲሶው አልፏል፤ እንደ ልማዴ የጻፍኩት ታናሽየውን ወንድም ነው፣ ዕዳ ስላለበት። ባለፈው እሁድ እስከዚያ ድረስ አነበብኩላት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «ልጄ፣ ሠልስት ላይ ማን ቀረ?» አለችኝ።

ወደ ኋላ ገልጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ቀብሩ ላይ ስምንት ሰዎች ተጠርተዋል፤ ሠልስቱ ላይ ሰባት። የቀረችውን ወይም የቀረውን ሰው ሁሉም ባለታሪክ አንቱ ነው የሚላቸው፤ ደራሲው እስካሁን ስማቸውን አልነገረንም። ደብተሬ ላይ ደግሞ መሰረዝ የለም።