መልስ ካገኘሁ በኋላ ድጋሚ ስጠይቅ

ሰው ረድቶን መልሱ አልሠራ ሲለን ብዙዎቻችን «እንቢ አለኝ» ብለን እንልክና እንጠብቃለን። ረጂው ምን እንደሞከርን፣ ምን እንዳየን አያውቅም። ከሀ ሊጀምር ነው። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ የምጀምረው የመጀመሪያው መልስ ምን ላይ እንዳደረሰኝ በመንገር ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ የኤክሴል ጉዳይ ላሳያችሁ።

የመሥሪያ ቤታችን የክፍያ መዝገብ የተሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በቀን ቅደም ተከተል ልደረድረው ስል ከግማሹ በላይ ወደ ታች ወረደ፤ የቀረውም ተዘበራረቀ። ሌላ ቅርንጫፍ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ የሂሳብ ባለሙያ በቴሌግራም ጠየቅኩ። «የሴሉን ፎርማት ወደ ዴት ቀይረው» አሉኝ። ቀየርኩት። ለውጥ የለም።

ድጋሚ ከመጻፌ በፊት መዝገቡን ረጋ ብዬ አየሁት። ከዚያ የእሳቸውን መልስ ሪፕላይ አድርጌ እንዲህ አልኩ፦ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዓምዱን በሙሉ መርጬ እንዳሉኝ ሞከርኩት፤ አደራደሩ አልተለወጠም። ግን ቀኑ ከ12 በላይ የሆነው ሁሉ ወደ ግራ ተጠግቷል፤ እስከ 12 ያለው ወደ ቀኝ ነው። ምክንያቱ ምን ይሆን? ሲመችዎት ቢያዩልኝ።» ጥቂት መስመሮችም አያያዝኩ። የሠራተኞቹን ስምና ደመወዝ ግን አጥፍቼ ነው። እርዳታ ፈልጌ የሌላ ሰው ገመና አልልክም።

ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ኮምፒውተሩ የአሜሪካኖቹን አጻጻፍ ይከተላል፤ ወር ከቀን ይቀድማል። ጥቅምት 5ን 05/02/2016 ብለን ስንጽፍ ኤክሴል ሜይ 2 ብሎ ይቀበላል። 13/02/2016 ሲሆን ግን እሱ ዘንድ 13ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ፎርማት መቀየር ደግሞ ጽሑፍን ቀን አያደርግም። ቀን ከወር እንዲቀድም ብናዘውም አይበቃም፤ ጥቅምት 30ን እንደ ፌብሩዋሪ 30 ያየዋል፣ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም።

መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በየራሳቸው ዓምድ ማስገባት ሆነ። ዓመቱን በ10000፣ ወሩን በ100 አባዝቶ ቀኑን መደመር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. 20160230 ይሆናል። በዚህ ቁጥር ሲደረደር ጳጉሜንም ቦታዋን ትይዛለች።

ሰላምታ ያስፈልጋል፣ ባህላችን ነው። ግን «ሰላም ነው?» ብሎ ብቻ ልኮ ምላሽ መጠበቅ ሥራ ላይ ያለን ሰው ያንጠለጥላል። ሰላምታውንና ጥያቄውን አንድ ላይ እልካለሁ። ዝም ቢሉኝ በየሰዓቱ አልነዘንዝም። ሌላ ሰው ልጠይቅ ካሰብኩም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ሁለት ሰው ሳይተዋወቅ አንድ ሥራ ላይ መድከም የለበትም።

ሲሳካልኝ ደግሞ የትኛው እንደሠራ ጽፌ አመሰገንኩ። በሁለት ክፍያዎች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ማወቅም ፈልጌ ነበር፤ ያንን ከመጀመሪያው ጋር አልቀላቀልኩትም። ለብቻው ጠየቅኳቸው። «ዓመቱን በ365፣ ወሩን በ30 አባዛና ቀኑን ደምር። ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ጨምርበት። ለሁለቱም ቀኖች ሥራና ቀንስ» አሉኝ። የጳጉሜን 6 ዓመትም ሳይቀር በትክክል ይቆጥራል።