ከሰማያዊው ሥር ያለው ክሬም

ሦስቱ ቁራጭ እንጨቶች ዛሬም ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። የጊታር ቀለም ናሙናዎች ናቸው፤ ከመጡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ አንስታ ወደ ብርሃኑ ታዞራቸውና መልሳ ታስቀምጣቸዋለች። "አሁንም አልወሰንክም?" ትለኛለች።

ከሃያ ዓመት በላይ ጊታር ተጫውቻለሁ። ቀለም መርጬ ግን አላውቅም። ሁሌም ያገለገለ ነው የምገዛው፤ የተገኘው ቀለም የኔ ቀለም ይሆናል። ዘንድሮ ግን ለራሴ አንድ ጊታር ላሠራ ወሰንኩ። ሠሪው እዚሁ ሜሪላንድ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። እንጨቱ አልደር፣ አንገቱ ሜፕል፣ የክሩን ድምፅ የሚይዘው ፒክአፕ ሦስት ነጠላ። ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጨረስን። ቀለሙ ላይ ስንደርስ አፌ ተያዘ።

መጀመሪያ የተመኘሁት የእንጨቱን መልክ የሚያሳይ ቀለም ነበር። ፖል ሪድ ስሚዝ የሚባለው የጊታር ፋብሪካ ከኛ ብዙ አይርቅም፤ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግሮ ስቲቨንስቪል ነው ያለው። የነሱ ጊታሮች ፊት ላይ ያለው ሜፕል ስታዘነብለው እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ዓይን ያፈዛል። የኔ እንጨት ግን አልደር ነው። አልደር እንዲህ ዓይነት መልክ የለውም፤ ስለዚህ ድፍን ቀለም ነው የሚያምርበት።

ሰውየው ስለ ድፍን ቀለም ሲያወራ አንድ ነገር ነገረኝና ልቤን ያዘው። ፌንደር የሚባለው የጊታር ፋብሪካ ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር በ1954 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ መደበኛው መልክ ጠርዙ ጠቁሮ መሃሉ ወደ ቢጫ የሚሄደው ሰንበርስት ነበር። በኋላ ሌላ ቀለም የፈለገ ሰው 5 በመቶ ጨምሮ ይከፍል ነበር። እነዚያ ቀለሞች ደግሞ ለጊታር ተብለው የተቀመሙ አይደሉም። ዱፖንት የሚባለው የኬሚካል ኩባንያ ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርባቸው ነበሩ። ፊየስታ ሬድ የሚባለው የ1956ቱ የፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነው። ሰርፍ ግሪን የ1957ቱ ሸቭሮሌት። ሌክ ፕላሲድ ብሉ ከካዲላክ የመጣ ነው። ሰዎች ዛሬ እንደ ቅርስ የሚንከባከቧቸው ጊታሮች የለበሱት የመኪና ቀለም ነው ማለት ነው።

ይህን ስሰማ የአባቴ ላዳ ትዝ አለኝ።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ላዳ ታክሲ ይነዳ ነበር። ታችዋ ሰማያዊ፣ ጣራዋ ነጭ። ትምህርት ቤት የተላክነው፣ ልብስ የለበስነው በሷ ነው። ያን ማታ ሰዓቱን አስልቼ ደወልኩለት።

"አባዬ፣ የላዳዋ ቀለም ትዝ ይልሃል?"

"የቱ?" አለኝ። "ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነው ወይስ እኔ ያስቀባኋት?"

ዝም አልኩ።

"ስገዛት እኮ ክሬም ነበረች" አለ። "ታክሲ ላደርጋት ስል ነው ጋራዥ አስገብቼ ሰማያዊ ያስቀባኋት። የበሩ ጠርዝ ላይ አላየህም?"

አይቻለሁ። ረስቼው ነው እንጂ አይቻለሁ። እሁድ እሁድ ጠዋት በባልዲ ውሃ የማጥባት እኔ ነበርኩ። የሾፌሩን በር ስከፍት፣ በሩን የሚከበው ጎማ ሥር፣ ቀለም ቀቢው ያልደረሰበት ቦታ ላይ ቀጭን የክሬም መስመር ነበረች። ሌላም ቦታ አለ። አባዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክርኑን የሚያስደግፍበት። እዚያ ጋ ሰማያዊው ከዓመት ዓመት እየሳሳ መጥቶ ክሬሙ ብቅ ብሎ ነበር፤ የሕፃን መዳፍ ታህላለች። ዙሪያዋ ጠርዝ የለውም፤ ሰማያዊው ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ልጅ ሆኜ ቆሻሻ መስላኝ በሳሙና ፈትጌያታለሁ። አልለቅ ስትለኝ አባዬ መጥቶ "ተዋት፣ እሷ የኔ ክንድ ናት" አለኝ።

በማግስቱ ለሠሪው ይህን ነገርኩት። በጊታርም ያለ ነገር ነው አለኝ። የድሮ ፌንደሮች አንዳንዶቹ ሰንበርስት ሆነው ካለቁ በኋላ ደንበኛ ሌላ ቀለም ሲያዝ ከላይ ተደርቦባቸዋል። ቀለሙ ሲያልቅ ታችኛው ይወጣል። የድሮ ጊታር የሚገዛ ሰው ቀለሙ የመጀመሪያው መሆኑን ማረጋገጥ ሲፈልግ አንገቱን ይፈታል፤ ፊቱ ላይ በብሎን የታሰረውን ፕላስቲክ፣ ፒክጋርዱን፣ ያነሳል። ፀሐይ ያላገኘው፣ እጅ ያልነካው ቀለም እዚያ ተደብቆ ይገኛል። ልክ እንደ በሩ ጠርዝ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። የትኛው ቀለም ያምራል የሚለውን ትቼ፣ ክንዴ ሲያርፍበት ሲኖር ምን ይሆናል ማለት ጀመርኩ።

ቅቡ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቢሆን ብዙም አይሆንም። እርስ በርሱ በኬሚካል ተያይዞ ነው የሚጠነክረው፤ ለዘመናት እንዳለ ይቀመጣል። ለብዙ ሰው ይሄ ይሻላል፤ እኔም በሥራ የማንገላታው ሌላ ጊታሬ እንዲህ ዓይነት ነው። ናይትሮ የሚባለው የድሮው ዓይነት ቅብ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የሚደርቀው ማሟሚያው ተንኖ ሲያልቅ ነው። አዲስ ንብርብር ሲረጭበት የታችኛውን በትንሹ አሟሙቶ አንድ ይሆናል። ስስ ነው። በዓመታት ቢጫ ይላል፤ ሰማያዊ ከሆነ ወደ አረንጓዴ ይጠጋል። ጎማ ያለው ማቆሚያ ላይ ከተውከው ጎማው ይበላዋል። በክረምት ከብርድ አምጥተህ ሳጥኑን ወዲያው ከከፈትከው እንደ ሸረሪት ድር ሊሰነጣጠቅ ይችላል። እንክብካቤ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ቁራጮቹን በፌስታል ይዤ የምንጫወትበት ምግብ ቤት ሄድኩ። ሰው ሳይገባ መድረኩ ላይ ደረደርኳቸውና መብራት የሚይዘውን ልጅ አንድ በአንድ እንዲያበራልኝ ለመንኩት። በቀይ መብራት ቀዩ እንጨት ነጭ መሰለ። ሰማያዊው ጥቁር ሆነ፤ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ቢጫው ሲበራ ደግሞ አመድማ ሆነ። ለመድረክ ከሆነ ቀዩ ነው የሚያሸንፈው፤ ልጁም ወዲያው ቀዩን ጠቆመኝ። እውነቱን ነው። ግን ጊታር አብዛኛውን ዕድሜውን መድረክ ላይ አያሳልፍም። ቤት ነው የሚውለው። ሌሊት ልጆቹ ሲተኙ ድምፅ ማጉያ ሳልሰካ ባቲን ቀስ ብዬ የምለማመደው ሶፋው ጥግ ላይ ነው። እዚያ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው።

ሠሪው አንድ ነገር አቀረበልኝ። "ክንድህ የሚያርፍበትን ቦታ አሁኑኑ ላሳሳልህ እችላለሁ፤ እንዳረጀ አድርጌ" አለኝ። ብዙ ሰው ይህን ያሠራል፤ በብርጭቆ ወረቀት፣ በቁልፍ፣ በብርድ። እጁ ጥሩ ነው፤ ሥራውን አይቻለሁ፤ ዕድሜ የሠራው ነው የሚመስለው። እኔ ግን አልፈለግኩም። ያቺን ቦታ በላዳዋ በር ላይ ያወጣት የአባቴ ክርን ነው። በየቀኑ፣ ከንጋት እስከ ማታ። ያንን ብርጭቆ ወረቀት እንዲሠራልኝ አልፈልግም።

የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው። ከሰማያዊው በፊት አንድ ንብርብር ክሬም እንዲረጭልኝ። ከላይ ሰማያዊው ስስ ይሁን፤ መጨረሻ ላይ የሚረጨው ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ቅብም ስስ ይሁን። ሠሪው አንገቱን ነቀነቀና ማስታወሻው ላይ ጻፈው። "ክሬሙን እስክታየው ብዙ ዓመት ትጠብቃለህ" አለኝ። እጠብቃለሁ አልኩት።

ዛሬ ማታ ቁራጮቹን ከመስኮቱ አነሳሁ። ሰማያዊዋን ብቻ አስቀረሁና ፎቶ አንስቼ ለአባዬ ላክሁለት። ብዙ ሳይቆይ ደወለ።

"እሷ ራሷ ናት" አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና "ጣራውንስ?" አለ።

ጊታር ጣራ የለውም ልለው ስል ፒክጋርዱ ትዝ አለኝ። ሠሪው ጥቁር ወይስ ነጭ ብሎኝ መልስ ሳልሰጠው ነበር።

"ነጭ ነው አባዬ" አልኩት።