ሲያላዝን አይከፈትም

ቡችላችንን መቻል ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። (ከኳስ ክለቡ ጋር ዝምድና የለውም።) ሁሉን ቻለ፤ ሽንቱን ብቻ አልቻለም።

ደብረ ማርቆስ በነሐሴ እንዴት እንደምትበርድ የቀመሳት ያውቃል። የሁለት ወር ቡችላ በረንዳ ላይ ማሳደር አንጀቴ እምቢ ቢለኝ ሳሎን አስገባሁት። በሦስተኛው ቀን ምንጣፋችን አድራሻውን ቀይሮ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ዋለ። ከዚያ ስልኬን ስጎረጉር ፈረንጆቹ ቡችላ ኬጅ (በር ያለው የብረት ፍርግርግ ቤት) ሲያስለምዱ አየሁ። ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ ስለማይወድ ይይዘዋል፣ ስታወጣው ውጭ ይሸናል። አለቀ!

በያጅ ጋ ሄድኩ። "ምን የሚያህል ውሻ ነው?" አለኝ። ብረት በየወሩ አይገዛ፤ አድጎ የሚሆነውን አሰብኩና እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አሳየሁት። እሱም ሳይሰስት 1 ሜትር ከ40 አድርጎ ሠራልኝ። ጉዴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ለካ ኬጅ መሆን ያለበት ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ የሚተኛበትን ያህል ብቻ ኖሯል። መቻል ሰፊ ቤት ሲያገኝ ለሁለት ከፈለው፦ ወዲህ መኝታ፣ ወዲያ ሽንት ቤት። እኔ እንኳ በተከራየሁት ቤት ሽንት ቤቴ የጋራ ነው!

መሀሉን በጣውላ ጋረድኩበት። "ሲገባ ስጋ ሸልሙት" ይላል ቪዲዮው። በፍልሰታ! ልኳንዳው ዝግ፣ ቤቱ ጿሚ። በሽሮ ፍትፍት ጀመርን፤ ደግነቱ አልተጸየፈም። ሌሊቱን አታንሱብኝ። በዚያ ዕድሜው ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ዝናብ ውስጥ እቆማለሁ። ጃንጥላው ለእሱ ነው።

በዚህ መሀል አያቴ እማምዬ ለዓይኗ ሕክምና ከቢቸና በኩል መጣች። ገና ነጠላዋን ሳታወርድ ማላዘኑን ሰማች።

"ምን አጥፍቶ ነው ያሰርከው?"

"አልታሰረም እማምዬ፣ እየለመደ ነው።"

"እስር ይለመዳል እንዴ ልጄ? ዋስ ጠፍቶ ከሆነ እኔ አለሁ።"

ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ከገባ በኋላ በሩን መለስ ማድረግ ነው። ሲያላዝን ከከፈቱለት ማላዘን እንደሚያስፈታ ይማራል፤ ስለዚህ ዝም እስኪል መጠበቅ፣ ዝም ሲል ከፍቶ "ጎበዝ" ብሎ ትንሽ ነገር መስጠት። "እህ" እያለች ሰማችኝ። የገባት አልመሰለኝም ነበር።

የቡሄ ዋዜማ ማታ ሰፈሩ በጅራፍ ጩኸት ቀለጠ። መቻል ደንግጦ ኬጁ ውስጥ ገባ፤ ገብቶም አልቀረ፣ በጣውላው ጎን ሾልኮ ከወዲያኛው ጥግ ተሸጎጠ። ያንን ገላ የሚያህል ነገር እንዴት እንዳሳለፈው እግዜር ይወቅ። እጄ አልደርስ ሲለኝ ጣውላውን ነቅዬ በእንብርክኬ ገባሁ፤ እግሬን ሰብስቤ ሙሉ በሙሉ ገባሁ። በያጁ ይባረክ፣ ልክክ አልኩ።

እማምዬ ለልጆቹ ሙልሙል ይዛ ስታልፍ፣ በዚያ በደከመ ዓይኗ ኬጁ ውስጥ ጠቆር ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ አየች። የተማረችውን አደረገች። ቀጭ! መቀርቀሪያው ከውጭ ነው።

"እማምዬ! እኔ ነኝ! ክፈችልኝ!"

ጎንበስ ብላ አየችኝ። ወዲያው ለየችኝ፣ ፊቷ ላይ አየሁት።

"ሲያላዝን አይከፈትም ብለኸኝ የለ?"

"እኔ እኮ..."

"ዝም በላ!"

ይኼኔ ሆያ ሆዬ ባዮቹ ዱላቸውን እየደቁ ደጃፉ ላይ ደረሱ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ እኔ ቡችላ ታቅፌ ብረት ውስጥ ነኝ። አውራጁ ለቅጽበት ዝም አለ። ከዚያ ግጥሙ መጣለት፦

"የኔማ ጋሼ፣ የቤቱ ጌታ፣
ከቡችላ ጋር ታሰረ ማታ!"

"ሆ!" አሉ ተቀባዮቹ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ጎረቤት በአጥር በኩል አንገቱን አሰገገ። እኔ አንደበቴ ተያዘ።

ያን ጊዜ እማምዬ መቀርቀሪያውን ከፈተች። "ጎበዝ!" አለችና ቁራሽ ሙልሙል ወደ አፌ ዘረጋችልኝ።

መቻል ቀድሞኝ በላው።