ቁጠባችንን በኩንታልና በቤርጋ ስንቆጥር፦ በጎንደር በማኅበር ቤት የሠራንበት መንገድ

እኔና የማኅበራችን አባላት አዘዞ በኩል ቤታችንን ስንሠራ ቁጠባችንን የያዝነው በሁለት መዝገብ ነበር። አንዱ የባንክ ደብተሩ ነው። ሌላው፣ ቤቱን የሠራልን የምለው፣ ያ ብር በየወሩ ስንት ኩንታል ሲሚንቶና ስንት ቤርጋ (ዘንግ) ፌሮ እንደሚገዛ የምንጽፍበት ደብተር ነው። ደመወዝ ይዞ ቤት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ያደግሁት አራዳ፣ በቀበሌ ቤት ነው። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ የኛም ከነዚያ አንዱ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ኪራዩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በዚያ ኪራይ ግን ጣሪያ የሚቀይርላት አካል የለም። ሳገባ እኔና ባለቤቴ ከሰው ግቢ ተከራየን፤ ኪራዩ በየጊዜው ይጨመርብን ነበር።

በአዋጅ 721/2004 መሠረት የከተማ ቦታ በሊዝ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በድልድል፣ ነው። ጨረታው የደመወዝተኛ አቅም አይደለም። ስለዚህ ከመምህራንና ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተደራጅተን፣ ዝግ ሒሳብ ከፍተን፣ የምደባ ወረፋ ያዝን።

ቦታውን ስንጠብቅ ገንዘቡ ተቀምጦ ይቀልጥ ነበር። በጥቅምት 2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆነ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፏል። ለአባላቱ በስብሰባ ላይ በሰሌዳ ያሳየሁት ይህን ነው፦ 100,000 ብር በዓመቱ 107,000 ይሆናል፤ ዕቃው በ30 በመቶ ከጨመረ ግን አምና በ100,000 የተገዛው ዘንድሮ 130,000 ይፈልጋል። ደብተሩ ላይ ብሩ አድጓል፤ የሚገዛው ግን ከአምናው 82 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ዝም አለ።

መንገዱን ያሳዩን በደርግ ጊዜ በማኅበር ቤት የሠሩ አንድ ጡረተኛ ናቸው። «ልጆቼ፣ እኛ እኮ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ለማኅበር በ4.5 በመቶ ያበድረን ነበር። እናንተ እንዲህ ያለ ብድር ከሌላችሁ፣ ብሩ እጃችሁ ሲገባ ዕቃውን ያዙ» አሉን። ያ ባንክ ኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ደግሞ ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። ለተራ ደመወዝተኛ በዝቅተኛ ወለድ ለረጅም ዓመት የሚያበድር በር እንደዚያ ሳይከፈት መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዕቃ መያዝም ሥርዓት አለው። ቦታው እንደተሰጠን በመጀመሪያ ድንጋይና ፌሮ ገዛን፤ ድንጋይ አይበላሽም፣ ፌሮም ከመሬት ከፍ ብሎና ተሸፍኖ ከተቀመጠ ይቆያል። ቀጥሎ ቆርቆሮ። ሲሚንቶ ግን የሚከማች ዕቃ አይደለም፤ እርጥበት እየሳበ ይጠጥራል፣ ወራት ሲቆይ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ሲሚንቶ የምንገዛው ኮንክሪት በሚሞላበት ሳምንት ብቻ ነበር። አሸዋና ድንጋይ ከክረምት በፊት ማስገባት ግድ ነው፤ በሰኔ ጭቃ ገልባጭ መኪና ሰፈራችን አይገባም። ዘበኛ በጋራ ቀጠርን፤ ለግንበኞቹም በእጅ ዋጋ፣ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ኮለኑ ሲያልቅ፣ በየደረጃው ከፈልን። የኛ ቦታ አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ማስቆፈር ከጠቅላላው ወጪ ካሰብነው በላይ ወሰደ፤ እዚያ ላይ ግን መቆጠብ አይገባም።

የስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የወር የዋጋ መረጃ እከታተላለሁ፤ አስፈላጊ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያ ስሌት ምግብ ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ስለ ጤፉ ይነግረኛል፤ ፌሮዬን ግን ራሴ ልጽፈው ይገባል። የሰው ቁጥሩም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ሲሆን ጎንደር 207,044 ነዋሪ ተቆጥሮባታል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። ስለዚህ «የቤት ፈላጊው ቁጥር» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የተመዘገበው ሰው ነው። የተመዘገበው ግን መቆጠብ የቻለው ነው። እናቴ ጎረቤት እንጀራ ሸጣ ልጆቿን በአንድ ክፍል የምታሳድገው ሴት በየትኛውም ማኅበር ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ቤት ግን ከሁላችንም በላይ የምትፈልገው እሷ ናት። ይህን በአገር ደረጃ የሚያቅድ ሰው ሁሉ ቢያስበው እወዳለሁ።

ዕቃውን ቀድሞ መያዝ ምን እንደጠቀመ የታየው ባንኮች ብድር ሲያጠብቁ ነው። በነሐሴ 2013 ብሔራዊ ባንክ በመያዣ የሚሰጥ ብድርን ለጊዜው አስቆመ፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ጣሪያውን በብድር አለብሳለሁ ብለው የጠበቁ የሌላ ማኅበር ሰዎች ግድግዳቸው ዝናብ ሲመታው ከረመ። የኛ ቆርቆሮ ግን ቀድሞ ተገዝቶ ነበር፤ ብዙዎቻችን ለክረምቱ አለበስን።

አሁን የምንኖረው በሁለቱ ክፍል ነው፤ የተቀረው ልስን ይጠብቃል። የሚያስለስነው ገንዘብ የሚመጣው ከጓሮ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች ነው፤ አንዱን ለወጣት ባልና ሚስት አከራይተናል። ውሉን የያዝነው በአዋጅ 1320/2016 መንፈስ ነው፦ በጽሑፍ፣ ለሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ያልበለጠ። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ማኅበር ጠየቀኝ፤ ከባንክ ደብተሩ በፊት የፌሮና የሲሚንቶውን ደብተር አሳየሁት።