የብሎካችን የውሃ ደወል

እኔ ኮሽ ሲል የምነቃ ሰው ነኝ። የምኖረው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ግድግዳው ስስ ከመሆኑ የተነሳ የጎን ጎረቤቴ ሲያስነጥስ ከአልጋዬ ሳልነሳ «ይማርህ» እለዋለሁ። እሱም ከአልጋው «ያኑርህ» ይለኛል።

ውሻው አለ። የግሮሰሪው ሙዚቃ አለ። ከላዬ ያሉት እማማ ደግሞ ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ቡናቸውን በሙቀጫ መውቀጥ ይጀምራሉ። አልጋዬን ከግድግዳው አራቅኩት። ምንም ለውጥ የለም፤ ሙቀጫው የሚመጣው በጣሪያ ነው።

ይህ የእንቅልፍ ችግሬ ግን ለብሎኩ ሰው ሲሳይ ሆኖለታል። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ደግሞ ሌሊት። ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው አየር ይተነፍሳል፣ «ፍሽሽሽ» ይላል። ይህን ከሁሉ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ተነስቼ «ውሃ መጣ!» እያልኩ በር አንኳኳለሁ። ማንም አልሾመኝም። ቀስ በቀስ ሥራዬ ሆኖ ቀረ እንጂ።

ብረታ ብረት ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ ዓይኔ መቅላቱን አይቶ አዘነልኝ። ከኪሱ ሁለት ብርቱካናማ ስፖንጅ አውጥቶ ሰጠኝ። የጆሮ መድፈኛ ነው። ጥጥማ ሞክሬ ነበር። ጥጥ አየር ያሳልፋል፣ አየር ባለፈበት ድምፅም ያልፋል።

አጠቃቀሙንም አሳየኝ። ስፖንጁን በጣትህ አድቦልቡለህ ታቀጥነዋለህ። ሌላኛውን እጅህን በራስህ ላይ አሳልፈህ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ታደርጋለህ፤ ያኔ ቀዳዳው ቀና ይላል። ከዚያ አስገብተህ ተመልሶ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣትህ ትይዘዋለህ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይወትፈውና «አይሠራም» ይላል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ደግሞ ትራሱ ስፖንጁን እየገፋበት ያመዋል። ለእሱ የጆሮውን ደጃፍ ብቻ የሚሸፍነው ሲሊኮን ወይም ሰም ይሻለዋል። ሰሙ የቆየ ነገር ነው። ማክስ ኔግዌር የሚባል ጀርመናዊ ፋርማሲስት ሰምና ጥጥ አዋህዶ የጆሮ መድፈኛ የሚሠራ ድርጅት በርሊን ውስጥ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ሐሳቡን ያገኘው ከግሪኮቹ የኦዲሴየስ ታሪክ ነው ይባላል። መርከበኞቹ የባሕር ዘፋኞቹን እንዳይሰሙ ጆሯቸው በሰም ተደፍኖ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሰውዬው ከላዩ ሙቀጫ ያላት ጎረቤት ነበረችው።

የመጀመሪያው ሌሊት ግራ አጋባኝ። የውጪው ድምፅ ሲጠፋ የውስጤ መጣ። ጆሮ ሲደፈን የራስ ድምፅ ይጎላል። ልቤ ድም ድም ይላል። ትንፋሼ ይሰማኛል። ሆዴ ይህን ያህል ወሬኛ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ተኛሁ። እንደ ሰው ተኛሁ።

ጠዋት በሬን ስከፍት ኮሪደሩ ላይ ባዶ ጀሪካን ተደርድሯል። ከጀሪካኑ ኋላ ባለቤቶቹ ቆመዋል።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሻለቃ። «ውሃ 8 ሰዓት ላይ መጥቶ 10 ሰዓት ሄዷል። የጎን ብሎክ በሙሉ ቀድቷል።»

«ተኝቼ ነበር።»

«አንተ?»

እማማ ግን አዘኑልኝ። «ልጄን አሞት ነው እንጂ በጤናው አይተኛም» ብለው ግንባሬን ዳሰሱ። መድፈኛውን አሳየኋቸው። ሻለቃ በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡት። «ሕዝቡን ውሃ ያስጠማው እንግዲህ ይሄ ነው» አሉ።

ማታውኑ ስብሰባ ተጠራ። አንዱ «አንድ ጆሮህን ብቻ ድፈን» አለ። ሌላው የእግሬ አውራ ጣት ላይ ገመድ ይታሰር አለ፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ ማን እንደሚይዘው ግን አልተናገረም። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ በንዝረት ልንቃ የሚልም ሐሳብ መጣ።

«ማን ይደውልልኛል?» አልኩ።

«ውሃው መምጣቱን የሰማ ሰው።»

«የሚሰማ ሰው ካለ እኔ ምን እሠራለሁ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። አጀንዳው በይደር ተያዘ፣ መድፈኛው ግን ታገደ።

እኔም ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። የሚያባንነን ድንገተኛ ድምፅ ነው አሉ። ከሥሩ ያልተቋረጠ ለስላሳ ድምፅ ካለ፣ ኮሽታው ያን ያህል ጎልቶ አይሰማም። ቬንትሌተር የሚያበሩ አሉ፣ የዝናብ ድምፅ የሚከፍቱም አሉ። ቬንትሌተር ስለሌለኝ ስልኬ ላይ የፏፏቴ ድምፅ ከፍቼ ጋደም አልኩ። ደስ ይላል። ዓይኔ መክደን ጀመረ።

«ውሃ መጣ!»

የጎን ጎረቤቴ ነው። በሮች ተበረገዱ፣ ጀሪካን ተንኳኳ፣ ደረጃው በሩጫ ተናወጠ። እኔም ከልማድ ተነስቼ ባልዲዬን አንስቼ ሮጥኩ! ቧንቧዎቹ ተከፍተዋል፣ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። ሻለቃ በፒጃማቸው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ድምፁን እየተከተሉ መጡና በሬ ላይ ቆሙ።

«ውሃው እዚህ ቤት ነው» አሉ። «ለብቻህ መስመር አስገብተሃል እንዴ?»

ገብተው ፈተሹ። መታጠቢያ ቤቱን አዩ፣ ወጥ ቤቱን አዩ። በመጨረሻ ፏፏቴውን ትራሴ ላይ አገኙት። የሳቀ ሰው የለም።

በማግስቱ እማማ አስጠሩኝ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ።

«ያንን የጆሮ ነገር ስጠኝ ልጄ» አሉኝ። «አንተ ሌሊት በር ስትደበድብ እየደነገጥኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ውሃውስ እማማ?»

የቤታቸውን መለዋወጫ ቁልፍና ሁለት ጀሪካን አቀበሉኝ።

«አንተ ትቀዳልኛለህ። ስትገባ ሙቀጫውን እንዳትመታው ብቻ፣ በሩ ሥር ነው ያለው።»