ካርታው ከነጉዱ ይሰቀል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የህትመት ሥራ እሠራለሁ። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የመጣው ሁሉ አያልፈንም። አንድ ቀን አንዲት የሆቴል ባለቤት የጣሊያን ጊዜ የአዲስ አበባ ካርታ በፍላሽ ይዘው መጡ። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ሊሰቅሉት ነው። ካርታው ሲያምር ለጉድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በቀለም ተለይቷል።

«ይቺን ብቻ አጥፋልኝ» አሉ፣ በስተምዕራብ ያለች ጽሑፍ እያሳዩኝ። በጣሊያንኛ «የአገሬው ሰዎች ገበያ» ትላለች። የዛሬዋ መርካቶ መሆኗ ነው። «እንግዳ ፊት ደስ አትልም።»

በፎቶሾፕ ምንም ሥራ የለውም። ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ አንድ ጡረታ የወጡ ቀያሽ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ገበያው ፊት አራዳ ነበር፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። እነሱ ናቸው ወደ ምዕራብ የገፉት። ካዛንቺስን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው፣ ፖፖላሬን ለተራው ጣሊያን አደረጉ። ሐበሻው ለብቻው።»

እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣውን ሕግ እኔም አነሳሁ። ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት ይታሰር ነበር።

«አዎ፣ ግን ቀስ በል ልጄ» አሉኝ። ጣታቸውን ርዕሱ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ማስተር ፕላን ነው። ለክተው የሣሉት ሳይሆን ያሰቡት። እ.ኤ.አ. በ1941 ተባረው ብዙው ወረቀት ላይ ቀርቷል። ሰው እንዲህ ተለያይቶ ይኖር ነበር ብለህ በዚህ ብቻ አትማል። ሊለያዩት ማሰባቸውን ግን በገዛ እጃቸው ፈርመውልሃል።»

እኔ ርዕስ መቼ አንብቤ አውቃለሁ፣ ዓይኔ ቀለሙ ላይ ነው። አሁን የድሮ ካርታ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ዕቅድ ይሁን ልኬት አጣራለሁ።

«ታዲያ ይሄን ጉድ ግድግዳዬ ላይ ልስቀል?» አሉ ባለ ሆቴሏ።

«አብሽሪ እህቴ፣ ከነጉዱ ይሰቀል። ከሥሩ ምን እንደሆነ ይጻፍበት እንጂ» አሉ ቀያሹ።

ተስማሙ። ጽሑፏ ሳትጠፋ ቀረች፤ ከግርጌው «የጣሊያን ወረራ ዘመን ዕቅድ፤ ሁሉም አልተሠራም» ብለን ጨመርን። ለግርጌዋ ጽሑፍ ግን አምስት ሳንቲም አልከፍልም ብለው በነፃ አሠሩኝ።