ዋስ ፍለጋ፦ የአጎቴን ሳይት ሊንክ ስቆጥር

አጎቴ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ጀልባ አላቸው። አንዷ ሞተሯ እያስቸገረ ብዙም አትወጣም። በሌላዋ እንግዳ ጭነው ዘጌ ያደርሳሉ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው መንገዱ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አሳይተው፣ በቡናው ጫካ ውስጥ አዙረው ይመልሳሉ። ዌብሳይታቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። "አንተ ልጅ፣ ድሮ ፈረንጆቹ 'ኢንተርኔት ላይ አየንዎት' እያሉ ይመጡ ነበር። አሁን ምን ነካቸው?" አሉኝ።

"አያ፣ እንግዳውም እኮ ቀንሷል" ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ። ውሸት አይደለም፣ ቀንሷል። ግን የጎረቤታቸው ጀልባ ያን ሰሞን ሁለቴ ሞልታ ስትወጣ አይተዋል። ዝም አሉ። የአጎቴ ዝምታ ከቁጣቸው ይከብዳል።

ሳይቱ ራሱ ይሠራል። ቶሎ ይከፈታል፣ ፎቶዎቹም አሉ። የቀረኝ ነገር ከውጭ ወደኛ የሚያመላክቱትን ሊንኮች ማየት ነበር፤ ጉግል ማንን ከፊት እንደሚያሳይ ሲወስን እነሱንም ያያል። ይህን ለአጎቴ ያስረዳኋቸው በዕቁብ ነው። ዕቁብ ሲደርስህ ዋስ ትጠራለህ። ዳኛው የሚያየው ያንተን ፊት ሳይሆን የዋስህን ነው። የጠራሃቸው ሰዎች ራሳቸው ዋስ የሚያስፈልጋቸው ከሆኑ ሦስትም ይሁኑ ሠላሳ ብሩ አይሰጥህም። የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ስታንፎርድ ሳሉ ያቀረቡት ፔጅራንክ የሚባለው ስሌት በመሠረቱ ይኸው ነው። ማን ጠቆመህ? የጠቆመህንስ ማን ጠቆመው?

"ታዲያ የኛ ዋስ ማነው?" አሉኝ።

እሱን ነው የማላውቀው።

ድሮ ጉግል መፈለጊያው ላይ "ሊንክ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ ከጎኑ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የሳይትህን ስም ስትጽፍ የተወሰኑትን ያሳይህ ነበር። በ2017 ተወው። ያሁም ሳይት ኤክስፕሎረር የሚባል ጥሩ መሣሪያ ነበረው፤ እሱ ደግሞ በ2011 ተዘግቷል። አሁን ያሉት ደህና ደህናዎቹ ገንዘብ ይፈልጋሉ። አህሬፍስና ሴምረሽ የሚባሉት መሣሪያዎች መደበኛ ጥቅል በወር ከ100 ዶላር በላይ ነው። የዶላር ካርድ የሌለው የባሕር ዳር ልጅ በነጻ ከሚሰጡት ቁራሽ ላይ ነው የሚለቃቅመው። እኔም ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ካፌ ገብቼ፣ ማኪያቶ አዝዤ፣ ዋይፋያቸው ላይ ተለጠፍኩ።

መጀመሪያ ጉግል ለሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል። ነጻ ነው፣ ግን ሳይቱ ያንተ መሆኑን ካላረጋገጥክ አይከፍትልህም። 41 ሳይቶች ይጠቁሟችኋል አለኝ። ቀጥሎ አህሬፍስ፦ ለገዛ ሳይትህ ብቻ የሚሆን ዌብማስተር ቱልስ የሚሉት ነጻ ነገር አላቸው። እሱ 67 አለ። ሞዝ የሚባለው ሌላ መሣሪያ 23 ላይ ቆመ። ማጀስቲክ፣ ያ የእንግሊዞቹ፣ የቅርቡን መዝገቡን ሳየው 38፣ የድሮውን ጨምሮ የያዘውን ስከፍት ከመቶ በላይ።

አንድ ሳይት፣ አንድ ቀን፣ አምስት ቁጥር።

መጀመሪያ አንዱ እየዋሸ መስሎኝ ነበር። አይደለም። እያንዳንዳቸው ኢንተርኔቱን የሚዞር የራሳቸው ሮቦት አላቸው። ዘጌን በጀልባ የዞረና በእግሩ ያቋረጠ ሰው ያዩትን አንድ ዓይነት አድርገው አያወሩም። አንዱ ሮቦት ከዓመታት በፊት የጠፋ ገጽ ሳይሰርዝ ይዟል፣ ሌላው ትናንት የወጣውን ገና አላየም። የጉግል ራሱም ቢሆን ናሙና እንጂ ሙሉ ዝርዝር አይደለም። ስለዚህ የአንዱን መሣሪያ የዛሬ ቁጥር ከዚያው መሣሪያ የከርሞ ቁጥር ጋር አስተያይ እንጂ የአንዱን ከሌላው ጋር አታጋጭ። እኔ ግማሽ ቀን ሳጋጭ ውዬ ነው የገባኝ።

አጎቴ ግን ከሁሉም የወደዱት አህሬፍስ ዲአር የሚለውን፣ የሳይትን የሊንክ ጥንካሬ የሚለካ ነጥብ ነው። ከ0 እስከ 100 ይሰጣል። የኛ 4 ነው።

"ከመቶ አራት? ወድቀናል በለኛ!"

የጎረቤታቸው 9 መሆኑን ስነግራቸው ትንሽ ቀለል አላቸው። ነጥቡ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር እየከበደ የሚሄድ ነው፤ ለአንዲት ጀልባ 4 ነውር አይደለም። ደግሞም የአህሬፍስ ግምት እንጂ የጉግል አይደለም። ሞዝ "ዲኤ" ብሎ የሚሰጠው ተመሳሳይ ነጥብም እንዲሁ። ጉግል እነዚህን ቁጥሮች አይጠቀምም። እዚህ አገር ግን ዲኤ ከፍ አደርግልሃለሁ ብሎ ብር የሚቀበል ሞልቷል።

የኛን ብር የተቀበለም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው አጎቴን አግኝቶ "አንድ ሺህ ሊንክ" ሸጦላቸው ነበር፤ እኔ አልሰማሁም። ጉዱን ያወጣው ማጀስቲክ ነው። እሱ ሁለት ነጥብ ይሰጣል። ሳይቴሽን ፍሎው ብዛትን ያያል፣ ትረስት ፍሎው ደግሞ ከታመኑ ሳይቶች ምን ያህል ቅርብ እንደሆንክ። የኛ የመጀመሪያው ቆንጆ ነው፣ ሁለተኛው ዜሮ አካባቢ። በዕቁብ ቋንቋ ዋስ ሞልቶናል፣ አንዱንም ግን ዳኛው አያውቀውም። ዝርዝሩን ስከፍት የቁማር፣ የጫማ፣ በማላነበው ፊደል የተጻፈ የመድኃኒት ሽያጭ። ከአንድ ሺው ደግሞ በሕይወት ያለው ጥቂት ነው። ብሩም ሄደ፣ ሊንኩም ሄደ።

ተናደድኩና ጉግል ላይ ሊንክ "አላውቀውም" ብለህ የምትክድበት ዲሳቫው የሚባል መሣሪያ አለ፣ በ2012 የመጣ፣ ለሱ የሚሆን ዝርዝር ማዘጋጀት ጀመርኩ። ጉግል አብዛኛው ሳይት እንደማያስፈልገው ይናገራል። እኔ ግን እልህ ይዞኛል። የሚያስጠላውን ሁሉ እየለቀምኩ ወደ ፋይሉ እከታለሁ።

አንድ ሊንክ ላይ ደረስኩ። የሚያርፍበት አድራሻ የኛ ሳይት ስምና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም ጉድ ነው። ቆሻሻ ነው ብዬ ልወረውረው ስል ከየት እንደመጣ አየሁ። ስለ ቡና የምትጽፍ የውጭ አገር ሴት ገጽ ነው። ንጹሕ ገጽ። ከፈትኩት። የዘጌን ቡና፣ የአጎቴን ጀልባ፣ በጀልባው ላይ የበላችውን ዳቦ ሳይቀር ጽፋለች። ከታች "በዚህ ሂዱ" ብላ እኛን ጠቁማለች። ጠቅ ሳደርገው 404። ገጹ የለም።

ያኔ ነው የገባኝ። የድሮው ሳይት ላይ የገጹን አድራሻ በአማርኛ "ዘጌ" ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ኮራ ብዬ። ኮምፒውተር ግን የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዷን ፊደል በፐርሰንት ዘጠኝ ምልክት አድርጎ ነው የሚጽፋት። ሁለቷ ፊደል ዘ እና ጌ 18 ምልክት ይሆናሉ። ሳይቱን ሳድስ አድራሻውን ወደ ላቲን ቀየርኩ፣ የድሮው ወደ አዲሱ እንዲመራ ግን አላደረግሁም። ረሳሁት። ሌሎች ሦስት ጥሩ ጥሩ ሊንኮችም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ፤ አህሬፍስ "የተሰበሩ" ብሎ ለብቻ አሰባስቦ አስቀምጧቸዋል። እኔ ከላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ሳይ ወደዚያ አልወረድኩም ነበር።

ማስተካከሉ ሰባት ደቂቃ አልፈጀም። የድሮውን አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራውን፣ 301 የሚባለውን መምሪያ ለአራቱም አድራሻ ጻፍኩ። ዲሳቫውን ፋይል ሰረዝኩት።

ከመሣሪያዎቹ የቱ ይሻላል ለምትሉኝ፣ ሰርች ኮንሶልና የአህሬፍስ ነጻው አብረው ይበቃሉ። ማጀስቲክን ሊንክ ገዝቶ የሚጠራጠር ሰው ይክፈተው። የማይክሮሶፍቱ መፈለጊያ የቢንግ ዌብማስተር ቱልስም ነጻ ነው፤ ከተፎካካሪህ ሊንክ ጋር ያስተያይልሃል። የጎረቤቱን ጀልባ ማን እንደሚጠቁማት ያየሁት በሱ ነው፤ አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ደብዳቤ ጽፈንላቸዋል።

ማታ የሴትዮዋን ገጽ እንደገና ከፍቼ ሊንኩን ነካሁት። ዘጌ ተከፈተች። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለአጎቴ ላክሁ።

ቆይተው መለሱ፦ "ያቺን የድሮዋን ጀልባ ፎቶ አሁንም አላወጣሃትም?"